የደብተሩ ገበር

ሌባ ያለኝ የእህቴ ባል ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። አዲሱን ሶፋ ያስገቡ ዕለት ነበር፤ ላስቲኩ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ሰዓቱን እንዲህ አጥርቼ ያወቅኩት ከራሱ በላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት እያየሁ ስለተሰደብኩ ነው። ፊቱን ማየት አቃተኝና ሰዓቱን አየሁ።

ሰውዬው ጠበቃ ነው። ያን ቀን ሦስት እንግዶች ነበሩት፤ ሁሉም የሕግ ሰዎች። እኔ ለእህቴ ልጅ አምስት ደብተር ሰፍቼ ገባሁ፤ ያኔ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀት ቆራጭ ነኝ። ከመቁረጫው ጫፍ የሚወድቀውንና የተበላሸውን ወረቀት ቆራጩ ይወስዳል። ይህ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ፣ አለቃውም ባለቤቱም የሚያውቁት ልማድ ነው። ማሽኒስቱ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይወስዳል፣ ጠራዧ የክር ቁራጭ ትወስዳለች፣ እኔ ወረቀት። ማንም ከማንም አይደብቅም።

ጠበቃው አንዱን ደብተር አንስቶ ለእንግዶቹ አወዛወዘው።

«ይኸውላችሁ የሚስቴ ወንድም! ከመሥሪያ ቤቱ መንትፎ ለልጄ ስጦታ ያመጣላታል። በሌባ ወረቀት ፊደል ላስቆጥራት?»

ሳቁ። ሳቁ ቢበቃ ኖሮ እረሳው ነበር።

«ቆይ እንጂ፣ ስርቆት ነው እንዴ?» አለ መነጽር ያደረገው። «ወረቀቱ እኮ እጁ ላይ ያለ ነው። በእጁ ያለውን የሰው ንብረት ለራሱ ካደረገ እምነት ማጉደል ነው እንጂ ስርቆት አይባልም።»

«ማን አምኖ ሰጠው? ቆራጭ እንጂ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አይደለም። በእጁ አለፈ እንጂ በእጁ አልተቀመጠም። ጥርት ያለ ስርቆት ነው!» አለ ወፍራሙ።

«ኧረ ተዉት፤ ለቁራጭ ወረቀት? ከደንብ መተላለፍ አያልፍም» አለ ሦስተኛው፣ ለእኔ ማዘኑ ነው።

ሩብ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩብኝ። እኔ አራቱን ደብተር እንዳቀፍኩ ቆሜያለሁ። ተቀመጥ ያለኝ የለም። ዕቃ ሆኜ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደምቀመጥ የሚማከሩ ነበር የሚመስሉት። በመጨረሻ የእህቴ ባል፣ «ለማንኛውም ሌባ ነው፤ ምድቡን ፍርድ ቤት ያውጣለት» ብሎ ዘጋው። እህቴ ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። መስማቷን ያወቅኩት ድስቱን ስትከድን ድምፁ ስለበዛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን አልረገጥኩም። ደብተሩ ግን አልቀረም። ትምህርት ሊከፈት ሲል እህቴ ማተሚያ ቤቱ በር ድረስ መጥታ በዘንቢል ይዛ ትሄዳለች። ልጅቷ የእኔን ደብተር ትወዳለች አሉ። ሽፋኑ ባለ ሥዕል ነው፤ አንዱ የብስኩት መጠቅለያ፣ አንዱ የክብሪት፣ አንዱ የሳሙና። ጠበቃው ያውቅ እንደሆን አላውቅም። እኔን ነው እንጂ የጠላው፣ ነጻ ነገር የሚጠላ ሰው አይመስለኝም።

ዘንድሮ ማተሚያ ቤታችን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን አተመ። ጥበቃው ሌላ ነበር። ስልካችንን በር ላይ ተቀበሉን፣ ጫማ አስወለቁን። ከግምጃ ቤት የወጣው ወረቀት እየተቆጠረ ወጣ፣ እየተቆጠረ ገባ፤ የተበላሸው በርሜል ውስጥ ተቃጠለ። ቆጠራው አንድ ወረቀት ሳይጎድል ልክ መጣ። አለቃችን በደስታ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ፤ እኔንም ሳይቀር።

ያልተቆጠረው ማስጀመሪያው ነበር። ማሽን ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ቀለሙ ወይ ይጠቁራል ወይ ይገረጣል። ለዚህ ንጹሕ ወረቀት ማባከን ነውር ነው። ማሽኒስቱ ከመቁረጫዬ አጠገብ ካለው ክምር አንድ ወገኑ የታተመበት አሮጌ ብልሽት አንስቶ በባዶው ጎን ያስገባል። ይህን ነው ማስጀመሪያ የምንለው። ሠላሳ ዓመት እንዳደረገው ያን ቀንም አደረገው። ማስጀመሪያው ከግምጃ ቤት ስላልወጣ በቆጠራው ውስጥ የለም፤ ተመልሶ ወደ ክምሩ ሄደ። በአንድ ወገኑ የሳሙና መጠቅለያ፣ በሌላው የአገር ፈተና። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲቆጥብ የኖረ ሰው ብቻ ነው። ጀማሪ ቢሆን ኖሮ ንጹሑን አባክኖ ያተርፈን ነበር።

እህቴ ለፈተና ማጥኛ አንድ ደብተር ጨምርላት ስትለኝ፣ ሳሙናውን ለልጅቷ ሽፋን ያደረግኩት ሥዕሉ ስላማረኝ ነው፤ ፊቷ አረፋ የሆነ ሴት ትስቃለች። ሥዕሉን ወደ ውጭ አዞርኩ፣ ውስጡን ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። እኛ ገበር እንለዋለን፣ እንደ ኮት ገበር። ያለ ገበር ደብተር ሰፍቼ አላውቅም። ታዲያ ከገበሩ በታች የተጻፈውን አላየህም ወይ የሚል ካለ፣ ጽሑፍ መኖሩን አይቻለሁ። አላነበብኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት የታተመ ወረቀት ውስጥ የኖረ ሰው አያነብም፤ ዓሣ አጥማጅ ውሃውን እንደማይቆጥረው ነው። ደግሞ ሙጫ ተቀብቶ የሚያነብ ሰው ጣቱን ነው የሚለጥፈው።

ፈተናው አስር ቀን ሲቀረው አንዲት ተማሪ ጥያቄዎቹን በእጅ ጽፋ ተያዘች። ፖሊሶች ከሷ ወደ ጓደኛዋ፣ ከጓደኛዋ ወደ እህቴ ልጅ ደብተር ደረሱ። ፈተናው ተሰረዘ። ሐሙስ ዕለት መርማሪ ፖሊስ ማተሚያ ቤት መጣች። ሐሙስ እኔን አይወደኝም።

ዝግ ያለች ሴት ናት። ደብተሩን በላስቲክ ከረጢት ይዛለች።

«አባቴ፣ ይህን ስፌት ያውቁታል?»

«የራሴ ነው። ሦስት ቀዳዳ፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ። እዚህ ቤት እንዲህ የሚቋጥር ሌላ የለም።»

አለቃው ሳለ። ጉንፋን ያለበት ሳል አልነበረም።

መርማሪዋ በላስቲኩ ውስጥ ሽፋኑን ገለጠችው። ገበሩ የለም። ጥያቄዎቹ ቁልጭ ብለው ያዩኛል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ የተቀደደ አልነበረም። ሙጫዬን ከዱቄት ነው የማፈላው። በደረቁ ከጎተቱት የሥሩን ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ፊደሉን ይበላዋል። ይሄ ግን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ ነው የወጣው። አንድ ሰው ከማዕዘኑ ጀምሮ፣ በእርጥብ ነገር እየነካካ፣ ታግሦ ልጦታል።

«ሲሰጡት እንዲህ ነበር?» አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አለቃው በቀኜ፣ ማሽኒስቱ በግራዬ ቆመዋል፤ ሁለቱንም ሳያቸው ዋጥኩት። ማን ምን እንደሠራ ሳላውቅ ለምን ያወቅኩትን ላሳይ?

«ልቤ አሁን ተረብሿል፤ አስቤ ልንገርሽ» አልኳት።

«ደህና። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ይምጡ። በደንብ አስበው ይምጡ።»

በደንብ ማሰብ ሲባል ምክር ይሁን ዛቻ፣ ሦስት ቀን አኘክሁት።

እሷ እንደወጣች አለቃው መቁረጫዬ ላይ ተደገፈ። የሥራ ቤት ስሜ መቀስ ነው።

«መቀስ፣ ትርፍራፊ ውሰድ ብሎ በጽሑፍ የፈቀደልህ ሰው አለ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ስወስድ አይተኸኛል።»

«ማየት መፍቀድ ነው እንዴ?»

ማሽኒስቱ ደግሞ መታጠቢያው ጋ ጠብቆ ያዘኝ። «መቀሴ፣ ነፍሴ፣ ማስጀመሪያ የሚባል ነገር ባታነሳ ምን ይጎድልብሃል? ጡረታዬ እኮ ስምንት ወር ነው የቀረው።» ትናንት ሰላምታዬን በአገጩ የሚመልስ ሰው ዛሬ ነፍሴ አለኝ።

ያልጠረጠርኩት የለም። አለቃው የሚስቱን ወንድም በእኔ ቦታ ሊያስገባ ገበሩን ልጦት ይሆን? ደብተሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ጠራዧ ብዙ ጊዜ ሙጫ ትበደረኛለች፤ ምን ፈልጋ? ዘበኛውስ ለምን ሐሙስ ጠዋት ሳቀልኝ? ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ። የዘበኛው ውሻ እንኳ ሲያየኝ ጅራቱን አለመወዝወዙን መዝግቤያለሁ።

እሑድ እህቴ ደወለች። «ወንድሜ፣ ነገ መርማሪዋ ጋ መቀጠርህን ሰምቶ እሱ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል። እባክህ፣ ስለ እኔ ብለህ ና።»

ሄድኩ። የብረት በሩን የከፈተልኝ እራሱ ጠበቃው ነው።

«ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ። ምነው ጠፉብን?»

ጋሼ። መጡ። ጠፉ። ቤቱን ከመራቄ በፊት «አንተ» ሲለኝ የኖረ አፍ። ጠበቃ ወጥቶ በር ከከፈተልህ የትኛውን በር እንደዘጋብህ ፈልግ። መጻሕፍት ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት ክፍል አስገባኝ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ወንበሩ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ እሱን ለማየት አንገቴን ማቅናት ነበረብኝ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ አይጨነቁ። ሕጉን ቀለል አድርጌ ላስረዳዎት። ወንጀል ባለ ሦስት እግር በርጩማ ማለት ነው። አንዱ እግር፣ ይሄ ክልክል ነው ብሎ አስቀድሞ የደነገገ ሕግ። ሁለተኛው፣ የተሠራው ድርጊት። ሦስተኛው የሠሪው ልብ። አንዱን እግር ከነቀሉት በርጩማው ይወድቃል።»

«የሠሪው ልብ ማለት?»

«አውቆና ፈልጎ ካደረገው፣ ሐሳብ አለው እንላለን፤ ከባዱ እሱ ነው። ማወቅ ሲገባው ሳያስተውል ካለፈ ቸልተኝነት ነው። ቸልተኛን ደግሞ ሕጉ ለይቶ ይቀጣ ካላለ አይነካውም፤ ቢነካውም በቀላሉ ነው። ሊያውቅ ቀርቶ ሊጠረጥር የማይችልበት ነገር ከሆነ ግን ድንገተኛ ነው። ወንጀል የለም።»

ምን ልበል፣ ገባኝ። ሰውዬው ሲያስረዳ ያውቅበታል። ትምህርት ቤት እንዲህ ቢነግሩኝ ኖሮ ስድስተኛ ክፍል ላይ አልቀርም ነበር።

«እንግዲያው የእኔ የመጨረሻው ነው» አልኩት።

«አያምኑዎትም! በገዛ እጅዎ ሰፍተው አላየሁም? ጋሼ፣ የሚያዋጣዎት የመሃለኛው ነው። አየሁ፣ ግን ልብ አላልኩም፤ አበቃ።» መሳቢያውን ስቦ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አወጣ። «ይኸው፣ አዘጋጅቼልዎታለሁ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ነገ ለመርማሪዋ ይሰጧታል።»

መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሲያፈጥብኝ ይባስ ቀስ እላለሁ። «በወረቀቱ ላይ ጥያቄ መታተሙን አይቼ፣ ያለፈ ዓመት ፈተና መስሎኝ፣ ገበር ሳልለጥፍበት ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ» ይላል።

ገበር ሳልለጥፍበት። ተመልሼ አነበብኩት።

መርማሪዋ ስለ ገበር አላነሳችም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። የተላጠውን ደብተር ያየ ሰው ሁሉ የሚያየው ሽፋንና ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ ገበር እንደነበረ የሚያውቅ፣ ገበሩ እያለ ያየው ነው።

«ገበር አልነበረውም ብሎ ማን ነገረህ?» አልኩት። እርስዎ ሳልለው ቀረሁ፤ አምልጦኝ ነው።

«መቼም... ጥያቄው ይታይ ስለነበረ። ግምት ነው ጋሼ።»

«ነበረው እኮ። ለጥፌዋለሁ።»

«ማን አየልዎት?»

«እኔ እፈርማለሁ እንበል። ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ሌላ ሥራ እናፈላልጋለን።»

«በስልሳ ዓመቴ? ስሜስ? ፈተና የሸጠው ቆራጭ ሲሉኝ?»

«ስም!» አለ፣ ሳቅ ቢጤ አመለጠው። «ጋሼ፣ ስም በኋላ ይደርሳል።»

«ያን ሐሙስ፣ ሶፋው የገባ ዕለት፣ በጓደኞችህ ፊት ያልከኝን ታስታውሳለህ?»

አሰበ። የእውነቱን አሰበ፤ ማስመሰል አልነበረበትም። «የትኛው ሐሙስ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እሱም እንደኔ የሚያስበው ይመስለኝ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አየና ፊቱ ተለወጠ፤ «አንዴ ይቅርታ» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። ወዲያው የጓዳው በር ተከፈተና የእህቴ ልጅ በብርጭቆ ውኃ ይዛ ገባች። አስራ ስምንት ሞልቷታል።

«አጎቴ፣ ፈረምክ?»

«ገና ነኝ። አንቺ ነሽ የላጥሽው?»

«እኔ አይደለሁም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አንገቷን ወደ በሩ አዙራ በጆሮዬ ማለት ይቻላል ነገረችኝ። መስኮት ዳር ቁጭ ብላ ስታነብ ፀሐዩ በሽፋኑ ውስጥ ሲያልፍ ፊደሎች አየች፤ ገርሟት ለአባቷ አሳየችው። እሱ መብራት ላይ አድርጎ አየው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈ፣ ጥጥ በውኃ ነከረ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀበት። ከዚያ መልሱን ራሱ እየሠራ አስጠናት።

«ለጓደኛሽስ ማን ሰጠው?»

«እኔ። አብረን ነበር ስናጠና የከረምነው። እሷ እየለፋች እኔ ብቻዬን ይዤው ስቀመጥ ከበደኝ» አለች። ዓይኗ ሞላ። «አጎቴ፣ ደብተሩን ሲወስዱ የመለሰላቸው አባቴ ነው፤ እኔን ከጠየቁኝ አልዋሽም። ቀድሜ ግን መናገር አልችልም። አባቴ ነው።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን ብርጭቆውን ተቀብዬ ጠጣሁላት።

ለካ የፈራው ለልጁ አልነበረም። ከሦስቱ እግር ሦስቱም የቆሙት በእሱ ሥር ነው፤ ሕጉን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ በገዛ እጁ ልጦታል፣ ልቡ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥጥ ሲነክር ነበር። እኔን ግን መሃለኛው ላይ ሊያስቀምጠኝ ወረቀት አዘጋጅቷል። እኔ ቸልተኛ ከሆንኩ፣ ገበርም ካልነበረ፣ የላጠው ሰው የለም።

ሲመለስ ልጅቷ ወጥታለች፤ ባዶው ብርጭቆ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየው። የጓዳውን በር አየ። እኔን አየኝ።

«ልጅቷ ገብታ ነበር?»

«ውኃ አመጣችልኝ።»

«ምን አለችዎት?»

«ጠጣ አለችኝ።»

እስክሪብቶ አቀበለኝ። አልተቀበልኩትም። ለጥቂት ጊዜ አየሩ ላይ ይዞት ቆየ፣ ከዚያ የጋሼነቴ ዕድሜ አለቀ።

«ስማ፣ ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ወረቀት ስትሸከም የኖርክ ሰው፣ ዛሬ ዓይንህን በጨው አጥበህ ንጹሕ ነኝ ልትለኝ ነው? ማን ያምንሃል? የእኔ ቃል እና ያንተ ቃል ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የትኛው የሚከብድ ይመስልሃል?»

ይሄኛውን ስድብ ስሰማ ሰዓት አላየሁም። ፊቱን ነው ያየሁት። ላቡ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። ሌላውን ሲከስ ያን ያህል የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ተነሳሁ። ዝቅ ካለ ወንበር መነሳት በእኔ ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ ጊዜ ወሰደብኝ፣ እሱም ጠበቀኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ኮሪደሩ ላይ እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ ቤቴን አታፍርስብኝ» አለች በሹክሹክታ።

ከእሷ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደግነው። ቤቷ ቢፈርስ ያፈረሰው እኔ እባላለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም መርማሪዋ ነገ፣ ሲሰጡት እንዲህ ነበር ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ፣ አልነበረም፣ ገበር ለጥፌበታለሁ፣ ሙጫዬ በደረቁ አይላጥም እላታለሁ። እጄ የሠራውን ብቻ። ማን ላጠው ካለችኝ፣ የላጠውን አላየሁትም እላለሁ፤ እውነትም አላየሁትም። ቀሪውን እሷ ጠይቃ ታግኘው። ማሽኒስቱን ግን እንዴት እንደማተርፈው ገና አላወቅኩም። ማስጀመሪያው ሳይነሳ ነገሩ አይቆምም፤ ሰውዬው ደግሞ ቢያንስ በሐሳብ አላደረገውም።

የእህቴን ትከሻ ነክቼ አለፍኩ።

ጠበቃው ግቢው ድረስ ተከተለኝ። ጎረቤቶች እሑድ ስለሆነ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ድምፁን እንደገና አለዘበ።

«ጋሼ፣ ተቆጡ እንዴ? እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው። ልጅቷ የነገረችዎት ነገር አለ?»

የብረት በሩ መቀርቀሪያ ጠጥሯል። በሁለት እጄ ሳብኩት።

«ጋሼ! ነገ ምን ሊሉ ነው? እባክዎ፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ምን ሊሉ ነው?»

በሩ ተከፈተ። መንገዱ ላይ ሁለት መኪና አሳለፍኩና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ተሻገርኩ። «ጋሼ!» ሲል ሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። ዞር ሳልል ሄድኩ።